ከመጋዘን የወጣው ጋቢ

ቤቴ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ አንድ ነገር ይጠይቀኛል። ይህን የመሰለ ወፍራም ጋቢ ሳጥን ውስጥ አስቀምጠህ በኮት ለምን ትንቀጠቀጣለህ ይለኛል። እኔም አይ፣ ብዙም አልበረደኝ እላለሁ። የባሌን ብርድ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። እሺ፣ ለእናንተ እውነቱን ልንገራችሁ። ያ ጋቢ ሊያስበላኝ ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው። ከሸዋ ተዛውሬ ሮቤ አጠገብ ባለ አንድ የመንግሥት የስንዴ እርሻ የመጋዘን ኃላፊ ሆኜ እሠራ ነበር። ኃላፊ ስላችሁ ትልቅ ሰው እንዳይመስላችሁ። ቁልፍና መዝገብ ነበረኝ፣ በቃ። ከዚያ የተረፈው ፍርሃት ነው። ከእኔ በፊት የነበረውን የመጋዘን ኃላፊ የደኅንነቷ አረንጓዴ መኪና መጥታ ‹‹ለአንድ ጥያቄ ትፈለጋለህ›› ብላ ወስዳዋለች። ጥያቄው ምን እንደሆነ እንጃ፤ መልሶ ሳይጨርስ ቀረ። ኮቱን ከበሩ ኋላ ሚስማር ላይ እንደተሰቀለ ነው የተረከብኩት። መዝገብ ላይም አሰፈርኩት። ምን ላድርግ? መጋዘን ውስጥ የተገኘ ንብረት ነው።

አንድ ቀን ከአዲስ አበባ በመጣ ጭነት ውስጥ አንድ ካርቶን ደረሰኝ። አብሮት የመጣ ወረቀት የለም። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው እንግሊዝኛ ቢሆን ትንሽ ትንሽ እለቅም ነበር፤ ይኼ ግን የሩሲያ ነው መሰል፣ ግማሹ ፊደል ወደ ኋላ የዞረ ነው። ስከፍተው ነጭ የጥጥ ክር ነው፣ አሥራ ሁለት ጥቅል። እያንዳንዱ ክንድ በማይሞላ ቱቦ ላይ ተጠቅልሏል። እኔ ደግሞ ሸማኔ ሰፈር ያደግሁ ሰው ነኝ። ሸማኔ ክሩን የሚጠቀልልበትን ቀሰም ለእኔ ማን ያስተምረኛል? ይኼ ትልቅ ቀሰም ነው አልኩ። ‹‹ነጭ ክር፣ አሥራ ሁለት ጥቅል›› ብዬ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ መዘገብኩ። ፈሪ ሰው ሲመዘግብ አይዘገይም።

በዚያው ሰሞን ካድሬያችን ጓድ ታምራት ከቆላ አገር ተዛውረው መጡ። በመጀመሪያው ስብሰባ ስለ አሻጥረኞች ሲናገሩ ጥርሳቸው ይንገጫገጭ ነበር። ቁጣ መስሎን ሁላችንም ጭንቅላታችንን ደፋን። ኋላ ሾፌራቸው ብርድ መሆኑን ሲነግረን እፎይ አልን። እንግዲህ አንድ ጋቢ ይሠራላቸው ተባለ። ክር ከየት ይምጣ ሲባል ማን ቀድሞ እጁን ያወጣ ይመስላችኋል? መጋዘን አለ አልኩ። ኮሚቴው ፈረመ፣ እኔም ፈርሜ አሥራ ሁለቱንም አወጣሁ፣ ጎባ ላሉት ለሸማኔው ለጋሽ ሻንቆ ይዤላቸው ሄድኩ።

ጋሽ ሻንቆ ክሩን በጣታቸው ፈተል ፈተል አድርገው ሲያዩት ፊታቸውን አጨማደዱ። ይህ ክር ሰነፍ ነው፣ ልል ነው፣ ለድር አይሆንም፣ ድሩን ከራሴ አደርጋለሁ፣ ይህን ለማግ እሞክረዋለሁ አሉኝ። አጠቀላለሉም አልገባቸውም፤ እየተመላለሰ የሚጠላለፍ ነው። ክሩ ተፈትቶ ሲያልቅ ደግሞ ውስጡ እንደ ወንፊት የተበሳሳ የቆርቆሮ ቱቦ ወጣ። ቀዳዳው ለምን ይሆን ብለው ጠየቁኝ። ለጌጥ ነው አልኳቸው። አያሳፍርም?

ጋቢው አማረ። ጓድ ታምራት ከትከሻቸው አላወርደው አሉ።

ታኅሣሥ ገባ፣ ስንዴው ደረሰ፣ ኮምባይነሮቹ ተሰለፉ። አንድ ጠዋት የጋራዡ መካኒክ ሁሴን አንድ የጠቆረ፣ ናፍጣ የሚያንጠባጥብ ነገር ይዞ መጋዘን ገባ። ሁሴን የጊኒር ልጅ ነው፤ እጁ የማያውቀው ሞተር የለም፣ አፉም ቁም ነገርና ቀልድ አይለይም። የናፍጣው ፊልትሮ ተደፍኗል፣ ቅያሪውን አምጣ አለኝ። ምን ዓይነት ፊልትሮ ነው ስለው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና በቢላዋ ከላይ እስከ ታች ሰነጠቀው።

‹‹ተመልከት እንግዲህ›› አለኝ። ‹‹ላዩ ላይ ብቻ የሚይዝ ቢሆን በአንድ ቀን ይደፈን ነበር። ይሄ እስከ ሆዱ ነው የሚይዘው። አሸዋውን እዚህ ላይ ያስቀራል፣ ዝገቱን እዚህ መሀል፣ ደቃቁን እዚህ ከቱቦው አጠገብ። ናፍጣው አልፎ ይሄዳል፣ ቆሻሻው እዚሁ ይቀራል።››

እኔ ቆሻሻውን አላየሁም። ያየሁት የተጠላለፈውን ክርና የተበሳሳውን ቱቦ ነው። ካርቶን ላይ ቁጭ አልኩ። ሁሉንም ነገርኩት። ሁሴን በመስኮቱ ወደ ግቢው አየ። ጓድ ታምራት ጋቢያቸውን ደርበው ወደ ቢሮ እየሄዱ ነበር።

‹‹ያ ረቢ›› አለ ቀስ ብሎ። ‹‹ፊልትሮው እየሄደ ነው።››

ናፍጣችን ዝገት በበላው በርሜል ነበር የሚመጣው። ሳይጣራ ቢቀዳ የኮምባይነሮቹን ፓምፕ ይበላል፤ አምና አይተነዋል። በዲንሾ በኩል ደግሞ ያለ ወቅቱ ደመና መጠራቀም ጀምሯል። ከሰዓት በኋላ ስብሰባ ተጠራ። ጓድ ታምራት እስከ ቅዳሜ ኮምባይነሮቹ ካልወጡ አሻጥረኛው ማን እንደሆነ ይታወቃል አሉ። ጠላት ሩቅ አይደለም፣ እዚሁ ከእኛው ጋር ነው ሲሉ የጋቢውን ጫፍ ሳብ አደረጉ። ጥርሳቸው እንደ ድሮው ይንገጫገጫል። ያኔስ ብርድ ነው ብለን ተጽናንተን ነበር። አሁን ግን ጋቢ ለብሰዋል! ስለዚህ ቁጣ ነው አልኩ በሆዴ። ያን ዕለት ቤቴ ስገባ የዚያ የቀድሞው ሰው ኮት ዓይኔ ላይ መጣ። ቀጥሎ ሚስማሩ ላይ የሚሰቀለው የእኔ ነው።

ከሁሴን ጋር ያልሞከርነው የለም። የራሴን ስፖንጅ ፍራሽ ቆርጠን ከተትን፤ ናፍጣ ጠጥቶ እንደ ሊጥ ኩፍ አለ። የዲንሾ በግ ሱፍ አመጣን፤ ፀጉሩ ተነቅሎ ናፍጣው ውስጥ ዋኘ። የፋብሪካ ክር ጠቀለልን፤ በጣም የከረረ ስለሆነ ቆሻሻው በክሮቹ መካከል እንደ ልቡ ሾልኮ አለፈ። ሐሙስ ሆነ። ሁሴን የሚሆነው የላላ ጥጥ ብቻ ነው፣ ያውም የሚጠቀልለው እጅ ከተገኘ አለኝ።

ጎባ ሄጄ ጋሽ ሻንቆ እግር ላይ ወደቅሁ። ቱቦዎቹን አልጣሉም፤ ቀሰም አድርገዋቸው አገኘሁ። ታሪኩን ስነግራቸው አልሳቁም። ስንት ልጆች እንዳሉኝ ጠየቁኝ፣ ከዚያ ባለቤታቸው ላላ አድርገው የፈተሉትን ጥጥ አወጡ። ሦስት ፊልትሮ ነበር የሚያስፈልገው። ያቺን የተሰነጠቀች ፊልትሮ ፊታቸው አስቀምጠው፣ ቱቦው አጠገብ ጠበቅ፣ ወደ ውጭ ላላ እያደረጉ፣ እያጠላለፉ ጠቀለሉ። እኔ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ዕድሜዬ ሲጠቀለል አይ ነበር።

ዓርብ ጠዋት ሁሴን ገጠማቸው። ፓምፑን ከፍቶ ናፍጣውን በብርጭቆ ቀዳና ወደ ፀሐይ ከፍ አደረገው። ጥርት ብሏል። ‹‹አልሐምዱሊላህ፣ ልጆችህን ታሳድጋለህ›› አለኝ።

ስንዴው ከዝናቡ ቀድሞ ገባ። ከዚያም ስብሰባ ሆነ። ግቢው ውስጥ አረንጓዴዋ መኪና ቆማለች። ጓድ ታምራት የፈረንጅ ፋብሪካ የሚሠራውን ፊልትሮ የጎባ ሸማኔ በእጁ ሠራው፣ ይህ ነው በራስ መተማመን ብለው ተናገሩ። ቀጥለው ስሜን ጠሩ። ወደ ፊት ስሄድ መኪናዋን እንጂ ሰው አላየሁም። እሳቸው ግን ጋቢያቸውን አወለቁና ትከሻዬ ላይ ደረቡት፣ ሽልማት ነው አሉ። አለቀስኩ። ሰው ሁሉ ደስታ መሰለው። ሁሴን ጆሮዬ ሥር መጥቶ እንግዲህ ማስረጃው አንተ ጋ ነው አለኝ።

ያን ዕለት ወደ ቤቴ ጋቢዬን ለብሼ ሄድኩ። የባሌ ነፋስ መጣ። አልተመለሰም፣ አልዘገየም። አቧራውን ጋቢው ላይ ትቶ፣ ራሱ ተጣርቶ፣ ንጹሕ ሆኖ አጥንቴ ውስጥ ገባ። ቤቴ ስደርስ ጥርሴ ይንገጫገጭ ነበር። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ጓድ ታምራት ያን ሁሉ ጊዜ አልተቆጡም ነበር። እኔ እሳቸውን ፈርቼ ስንቀጠቀጥ፣ እሳቸው በእኔ ጋቢ ይንቀጠቀጡ ነበር።