መቅዘፊያው ላይ ማን ይቅደም? የዕንቁ አስታማሚ ኮሚቴ አራተኛ ስብሰባ

ቀን፦ እሑድ ግንቦት 15 ቀን 2013 ዓ.ም.

ቦታ፦ ላስ ቬጋስ፣ ሰንራይዝ ማነር፣ የወ/ሮ ዕንቁ አፓርትመንት ሳሎን፤ ቁጭ ተብሎ እንደ ጀልባ እየተቀዘፈ ስፖርት የሚሠራበት የቤት ውስጥ መቅዘፊያ ማሽን ከያዘው የተረፈው ቦታ

ስብሰባው የተጠራበት ሰዓት፦ በአሜሪካ አቆጣጠር ከሰዓት በኋላ 2፡00

የተጀመረበት ሰዓት፦ ሰዎቹ ሲመጡ፣ 3፡25

የተገኙ፦

1. አቶ ኪዳነወልድ፣ ሊቀመንበር፣ ከግሪን ቫሊ፤ ጡረታ የወጡ የታክሲ ሹፌር። ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ስለመጡ ነጠላ እንደለበሱ ነው።

2. አቶ መዝገቡ፣ ምክትል ሊቀመንበርና የቴክኒክ ኃላፊ። አዲስ የቪላ ሠፈር ከሆነው ከኢንስፒራዳ መሆናቸው እንዲጻፍላቸው አሳስበዋል፤ ተጽፏል።

3. ወ/ሮ ብርቅታይት፣ የምግብ ኃላፊ፣ ከላይኛው ፎቅ።

4. ቢታንያ፣ የወ/ሮ ዕንቁ ልጅ፣ ከሲያትል በቪዲዮ። ማሽኑን ገዝታ የላከችው እሷ ስለሆነች በታዛቢነት ብቻ።

5. ወ/ሮ ዕንቁ፣ ጸሐፊ። የማሽኑ ባለቤት፣ የቤቱ ተከራይና ታማ የነበረችውም እሷው ናት። ጸሐፊ ይጽፋል እንጂ አይናገርም በሚለው የሊቀመንበሩ ትርጓሜ መሠረት ድምፅ የላትም።

ያልተገኙ፦ አቶ ግዛው፤ ካዚኖው ኦቨርታይም ስለሰጣቸው። ጸሐፊዋ ቀንታባቸዋለች።

ምልዓተ ጉባኤ፦ ሳሎኑ ውስጥ እግር መዘርጊያ ስለጠፋ እንደ ተሟላ ተቆጥሯል።

መነሻ፦ ይህ ኮሚቴ የተቋቋመው ባለፈው ታኅሣሥ ጸሐፊዋ በኮቪድ በተኛች ጊዜ ነው። አባላቱ ሾርባውን በር ላይ እያስቀመጡ፣ ደውለው እየቀሰቀሱ፣ መድኃኒት እያመላለሱ አስታመዋታል። ጸሐፊዋ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብላለች፤ አሁንም ትላለች። ሕመምተኛዋ የካቲት ላይ ድናለች፤ ኮሚቴው ግን እስካሁን አልዳነም። ሐኪሟ ሳንባሽ እንዲጠነክር ቀስ እያልሽ እንቅስቃሴ ጀምሪ ብሏታል። የምታጸዳበት ሆቴልም በሰኔ መጀመሪያ ወደ ሥራ ተመለሺ ብሎ ጠርቷታል። ጋሪ መግፋትና ፍራሽ ማንሳት ካልቻለች ቦታዋ ለሌላ ይሰጣል። ማሽኑ ከመጣ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ኮሚቴውም "እንዴት ይጀመር" በሚል ሦስት ጊዜ ተሰብስቧል። እስከዛሬ ማሽኑ ላይ የተቀመጠ ሰው የለም፤ የወ/ሮ ብርቅታይት ቦርሳ ብቻ ተቀምጦበታል።

አጀንዳ 1፦ የተረፉ ብሎኖችን በተመለከተ

ማሽኑን የገጣጠሙት አቶ መዝገቡ ሲሆኑ፣ ሥራው አለቀ ሲባል እፍኝ ሙሉ ብሎን ተርፎ ተገኝቷል። ለምን ተረፈ ሲባሉ ፋብሪካ ሁልጊዜ ትርፍ እንደሚልክ ገልጸዋል። ቢታንያ፣ "ጋሼ፣ ማንዋሉን ሪድ አደረጉት?" ብላ ጠይቃለች። አቶ መዝገቡ ማንዋል የሚያነበው ያልገባው ሰው መሆኑን፣ እሳቸው ኢንስፒራዳ ጋራዣቸው ውስጥ ትሬድሚልም ብስክሌትም በገዛ እጃቸው እንደገጣጠሙ አስረድተዋል። ወ/ሮ ብርቅታይት ሁለቱም ላይ አሁን ልብስ እንደሚሰጣባቸው በዓይናቸው ማየታቸውን አክለዋል። አቶ መዝገቡ ይህ ከቃለ ጉባኤው ይውጣልኝ ብለዋል። አልወጣም።

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ብሎኖቹ አንድ ቀን ሊያስፈልጉ ስለሚችሉ በክብር እንዲቀመጡ ተወስኗል። የተቀመጡት የጸሐፊዋ ስኳር ዕቃ ውስጥ ነው፤ ስኳሩ የት እንደሚቀመጥ ግን አልተወሰነም።

አጀንዳ 2፦ ማሽኑ የሚዞርበትን አቅጣጫ በተመለከተ

ወ/ሮ ብርቅታይት ቀዛፊ የሚሄደው ወደ ጀርባው መሆኑን ገና ዛሬ እንደተረዱ በድንጋጤ አሳውቀዋል። "እንዴ! ሰው ከሞት አፍ ወጥቶ ወደ ኋላ ይሄዳል እንዴ? በስመ አብ!" ብለዋል። ቢታንያ፣ "እትዬ፣ እሱ እኮ የትም አይሄድም፣ ፍሎር ላይ ነው" ስትል፣ ወ/ሮ ብርቅታይት "የትም ካልሄደ ታዲያ ምን ይሠራል?" ብለው መልሰው ጠይቀዋል። ሊቀመንበሩ ጥያቄው ጥልቅ መሆኑንና ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ መሆኑን አስታውሰው ለውይይት ክፍት አድርገዋል። ጸሐፊዋ ውይይቱን ለመጻፍ ወረቀት አትፈጅም።

ወደ ኋላ መሄድ ካልቀረ ወደ ቤተ ክርስቲያን ቢሆን ይሻላል በሚለው ሐሳብ ሁሉም ተስማምተዋል። አቶ መዝገቡ አቅጣጫውን በስልካቸው ኮምፓስ ፈልገው ማሽኑን አዙረዋል። ከዛሬ ጀምሮ የጸሐፊዋ መኝታ ቤት በር የሚከፈተው በግማሽ ነው። እሷም በጎን እየገባች መተኛት እንደምትችል ተነግሯታል።

አጀንዳ 3፦ ሆድን በተመለከተ

ሊቀመንበሩ በባዶ ሆድ ስፖርት መሥራት ራስን መግደል መሆኑን አስገንዝበዋል። የምግብ ኃላፊዋ ይህን አስቀድመው በማሰብ፣ ጊዜው ፍስክ ስለሆነም፣ ዶሮ ወጥ፣ ክትፎና አይብ ይዘው ወርደዋል። ተበልቷል። ተበልቶ ሲያበቃ አቶ መዝገቡ ከስልካቸው እያነበቡ፣ ከምግብ በኋላ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ሳይቆዩ ስፖርት መሥራት ክልክል መሆኑን አሳውቀዋል። ሁለቱ ሰዓት ሲያልፍ ደግሞ ሆድ ባዶ ይሆናል፤ ባዶ ሆድ አይቻልም፤ እንደገና ይበላል። ያለፉት ሦስት ስብሰባዎች የተጠናቀቁት እዚህ ላይ ነው።

ጸሐፊዋ ትንሽ ብቻ ቀምሼ ብጀምርስ የሚል ሐሳብ በብጣሽ ወረቀት ለሊቀመንበሩ አቅርባለች። ሊቀመንበሩ "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" በማለት ወረቀቱን ኪሳቸው ከተዋል። በዚህ መሐል ወ/ሮ ብርቅታይት "አፈር ስሆን!" እያሉ እየጻፈች ላለችው ጸሐፊ ሦስት ጊዜ አጉርሰዋታል። በዚህ ገጽ ላይ የሚታየው የቅቤ ጠብታ የጸሐፊዋ ጥፋት አይደለም።

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ የሞላ ሆድም ባዶ ሆድም ክልክል ስለሆነ ግማሽ ሆድ ሕጋዊ ነው ተብሎ ተወስኗል። የግማሽን ልክ ለማወቅ ሲባል ክትፎው አልቋል።

አጀንዳ 4፦ ማን ይቅደም

ቢታንያ ትዕግሥቷ አልቆ እንዲህ ብላለች፦ "ማሚ ትጀምር! ስሎው። መጀመሪያ በእግር ትገፊያለሽ፣ ከዛ ጀርባ፣ መጨረሻ እጅ። ስትመለሺ እጅ፣ ጀርባ፣ እግር። ትከሻ ሪላክስ። ከባድነቱን ሦስት ላይ አድርጊው። አምስት ደቂቃ፣ ዛትስ ኢት።" በአራት ስብሰባ ውስጥ ከተነገረው ሁሉ የሚረባው ይህ ብቻ ስለሆነ ጸሐፊዋ ቃል በቃል ጽፋዋለች። ጉባኤው ልጅቷ ማደጓን አድንቆ አልፎታል።

አቶ መዝገቡ ማሽን ካልከበደ መጫወቻ ነው በማለት የክብደት መቆጣጠሪያውን አሥር ላይ አድርገዋል። ቀጥለውም ታላቅ ቆሞ ታናሽ እንደማይቀድም በመግለጽ ሊቀመንበሩ እንዲቀመጡ ጋብዘዋል። ሊቀመንበሩ "ኧረ በሞቴ፣ ሴት ትቅደም" ብለዋል። ከፊታቸው የተቀመጠችውን የማሽኑን ባለቤት አልፈው ወደ ወ/ሮ ብርቅታይት ተመልክተዋል። ወ/ሮ ብርቅታይት "እኔ? ጋሽ ኪዳኔ እያሉ? ምን በወጣኝ!" በማለት ለአቶ መዝገቡ አስተላልፈዋል። አቶ መዝገቡ ለሊቀመንበሩ መልሰዋል። ግብዣው በዚህ መልኩ ሲዞር አንድም ሰው ጸሐፊዋን ብድግ በይ አላላትም። የሆቴሏ የሥራ መጀመሪያ ቀን ግን እንደነሱ አንተ ቅደም አንቺ ቅደም እየተባባለ አይጠብቅም። ጸሐፊዋ ይህን የጻፈችው በንዴት ነው።

በመጨረሻ ሊቀመንበሩ "በልጆችዎ" ተብለው ስለተለመኑ ተቀምጠዋል። እግራቸው በማሰሪያው አልታሰረም፤ ቢታንያ "ጋሼ እግር! እግር!" እያለች ብትጮህም የስልኩ ድምፅ ከቅድሙ ንግግሯ በኋላ ዝቅ ተደርጎ ነበር። ሊቀመንበሩ መያዣውን በሁለት እጃቸው በኃይል ሲስቡ ወንበሩ በሐዲዱ ላይ ይዟቸው ወደ ኋላ ሄዷል። ነጠላቸው ከፊት ቀርቷል፤ እግራቸው ወደ ኮርኒሱ ተነሥቷል፤ ጉዞውም የመኝታ ቤቱ በር ላይ ተጠናቋል። ወደ ቤተ ክርስቲያን አልደረሱም። ሲነሡ "ከዳኝ! ወንበሩ ከዳኝ!" ብለዋል። ሌላ ጉዳት አልደረሰም።

ከዚህ በኋላ ውይይት አላስፈለገም። ሳይቃጠል በቅጠል በሚል፣ (ሀ) ማሽኑ ለሕመምተኛ አደገኛ መሆኑ፣ (ለ) ወ/ሮ ዕንቁ ኮሚቴው አጥንቶ እስኪፈቅድላት እንዳትነካው፣ (ሐ) ለጥናቱ ሲባል ማሽኑ ኢንስፒራዳ ወዳለው የአቶ መዝገቡ ጋራዥ እንዲዛወር በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። አቶ መዝገቡ ቦታውን አስቀድመው ለክተው የመጡ መሆኑ ታውቋል። ወዲያውም እሳቸው ከፊት፣ ወ/ሮ ብርቅታይት ከኋላ ሆነው ማሽኑን ወደ በሩ መጎተት ጀምረዋል።

ያልተያዘ አጀንዳ

ከዚህ በታች ያለው ዘግይቶ የተጻፈ ነው፤ ጸሐፊዋ ብዕሯን ጥላ ተነሥታ ነበርና።

ጸሐፊዋ "ልቀቁት!" ብላለች። አልለቀቁም። "ጋሽ መዝገቡ፣ ልቀቁት አልኩ! ማሽኑም የኔ ነው፣ ሳንባውም የኔ ነው!" ብላ ጮኻለች። አቶ መዝገቡ ለቅቀዋል። ሊቀመንበሩ ጸሐፊ አትናገርም ብለው ሲጀምሩ ጸሐፊዋ የሰጠቻቸው መልስ፣ ታላቅን ስለሚነካ፣ አልተጻፈም።

ተቀመጠች። እግሯን አሰረች። መቆጣጠሪያውን ሦስት ላይ አደረገች። በእግሯ ገፋች፣ ጀርባዋ ተከተለ፣ እጇ መጨረሻ መጣ። ሄደ! ቢታንያ "የስ፣ ማሚ! የስ!" ስትል ተሰምታለች። ጥቂት እንደቀዘፈች ግን ትንፋሿ አጠረ፤ ደረቷ ከፍ ዝቅ እያለ ማፏጨት ጀመረ። ወ/ሮ ብርቅታይት "ኡኡ! አለቀች! ወላዲተ አምላክ!" እያሉ ውሃ ፍለጋ ሮጠው ወጥ ይዘው መጥተዋል። አቶ መዝገቡ አምቡላንስ ለመጥራት ስልካቸውን አውጥተው ኮምፓሱን ከፍተዋል። ሊቀመንበሩ "በቃ! በቃሽ! ተይው!" እያሉ ከመያዣው ጋር እጇን ጨብጠው ይዘዋል።

ጸሐፊዋ አቁማለች። ለመናገር ትንፋሽ አልነበራትም። ሊቀመንበሩ እጇን ሳይለቁ እንዲህ ብለዋል፦ "ያን ትንፋሽ አውቀዋለሁ። ታኅሣሥ ላይ ስልኩን ሳትዘጊው እንቅልፍ ሲወስድሽ፣ እኔ እዚህ ፓርኪንጉ ውስጥ መኪናዬ ላይ ሆኜ ስሰማው ነበር። ቢቆምስ ብዬ። መግባት አይፈቀድ፣ መሄድ አልቻልኩ። ሁለተኛ መስማት አልችልም፣ ልጄ።"

ጸሐፊዋ ይህን አታውቅም ነበር። የምታውቀው በር ላይ ሾርባ መገኘቱን ነው። ከአልጋዋ ከተነሣች ጀምሮ እነዚህን ሰዎች በሆዷ ስትረግም የከረመች ቢሆንም፣ ይህን ስትሰማ ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

ቃል ሲመለስላት "ጋሼ፣ ቁጭ ይበሉና ይስሙት" ብላለች። ተቀምጠዋል። ወ/ሮ ብርቅታይት በደንብ እንዲሰማ ብለው ኤሲውን አጥፍተዋል። ሳሎኑ ወዲያው ምድጃ ሆኗል፤ አቶ መዝገቡ እንኳ ስልካቸውን አጥፍተው ኪሳቸው ከተዋል። የጸሐፊዋ ትንፋሽ መጀመሪያ ይቆራረጥ ነበር። ከዚያ ረዘም አለ፣ ከዚያ ቀስ አለ፣ ከዚያም እንደ ማንኛውም ሰው ትንፋሽ የማይሰማ ሆነ። ሊቀመንበሩ ለረጅም ጊዜ ካዳመጡ በኋላ "ያን ጊዜ ትንፋሽሽ እንዲህ አይረጋጋም ነበር" ብለዋል። ጸሐፊዋም "አሁን ይረጋጋል" ብላለች።

ውሳኔ፦

በዚህ ስብሰባ ከአጀንዳ 1 እስከ 4 የተወሰነው በሙሉ ተሽሯል። ባለፉት ሦስት ስብሰባዎች የተወሰነውም ተሽሯል። ብሎኖቹን አቶ መዝገቡ ማንዋሉን አንብበው ወደየቦታቸው ይመልሳሉ። ማሽኑ ከበሩ ይነሣል። ወ/ሮ ዕንቁ የሚጠይቃት ሰው ሳያስፈልጋት በፈለገች ሰዓት ትቀዝፋለች፤ ሲደክማትም ታቆማለች። የሚያስታምሙት ሰው ስለሌለ አስታማሚ ኮሚቴው ፈርሷል። በድምፅ አሰጣጡ ላይ ተቃውሞ ያቀረቡት ወ/ሮ ብርቅታይት ብቻ ሲሆኑ፣ ዶሮ ማምጣት አልተከለከለም ሲባሉ ተቃውሟቸውን ትተዋል።

ስብሰባው ከምሽቱ 7፡10 ሲሆን ተበትኗል።

ሊቀመንበሩ ከመውጣታቸው በፊት፣ አላለቀሱም ተብሎ በቃለ ጉባኤው እንዲመዘገብላቸው አመልክተዋል። ማመልከታቸው ተመዝግቧል።