ታንከሩ የማይታይ ቀን

ደን በሚቃጠልበት አገር ሁሉ አንድ የጭስ ሊቅ አይጠፋም። ማንም አልሾመው፣ ማንም አይሽረው። እሳቱ ሦስት ተራራ ወዲያ ቢሆንም ስንት ቀን እንደሚቆይ፣ ነፋሱ ወዴት እንደሚዞር፣ ማን ልብስ አጥቦ እንደሚጸጸት አስቀድሞ ያውቃል። በእናንተም መንደር አለ። የለም የምትሉ ከሆነ ሰውዬው እናንተው ሳትሆኑ አትቀሩም።

የእኛው፣ ክቡር የጭስ ሚኒስትር፣ በአንድ ግድግዳ የምንዋሰናቸው ጎረቤቴ ናቸው። አርባ ዓመት ቀለም ቀቢ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ከቀለምና ከቀለም ማቅጠኛው አኳራጅ ሽታ ጋር ስላሳለፉ አፍንጫቸው ከእሳቸው ቀድሞ ጡረታ ወጥቷል፤ ድስታቸው ማረሩን የምንነግራቸው እኛ ነን። ይህ ግን ሥልጣናቸውን አልነካውም። ኮረብታው አናት ላይ ራሳቸው የቀቡት ነጭ የውኃ ታንከር አለ። ከእኛ ደጅ የወፍጮ ቤቱ ጣሪያ ይጋርደዋል፤ ደህና ሆኖ የሚታየው ከእሳቸው በረንዳ ብቻ ነው። በጭስ ወራት ጠዋት ጠዋት እዚያ ይቆሙና ጉሮሯቸውን ጠርገው ያውጃሉ። «ታንከሩ ይታያል!» ካሉ መስኮት ይከፈታል፣ ልብስ ታጥቦ ይሰጣል፣ ልጆች ይለቀቃሉ። «ታንከሩ የለም!» ካሉ መንደሩ በየበሩ ሥር እርጥብ ጨርቅ ወትፎ ይቀመጣል።

ጭሱን ግን አያከብሩትም። «ይሄ ጭስ ነው?» ይላሉ። «ጭስማ ያኔ ነበር! ዶሮዎቹ መንጋቱን ሳያውቁ ሦስት ቀን ከቆጥ አልወረዱም። ዓይኔን ግንባር ያድርገው!» ከዓመታት በፊት አንዴ የእሳት አጥፊዎቹ አለቃ ካርታ ይዞ ሊያስረዳን መጣ። ሚኒስትሩ እስክሪብቶውን ከእጁ ወሰዱና ካርታውን አረሙለት። ስብሰባው ሲያልቅ ሰውዬው «ጋሼ እንዳሉት» እያለ ነበር የሚናገረው። ራዲዮኑ የአየር ብክለት ቁጥር ሲያነብማ ይስቃሉ። «ራዲዮን ምን ያውቃል? ደጅ ወጥቶ ያውቃል?»

እኔ የመንደሩ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው። ማስክ የምሸጠው እኔ ነኝ፤ ሰው ግን ማስኩን በእጁ ይዞ «ለመሆኑ ጋሼ ዛሬ ምን አሉ?» ብሎ ይጠይቀኛል። የባሰ የሚያናድደኝ ደግሞ አለመሳሳታቸው ነው። ራዲዮኑን በሰዓታት ይቀድሙታል።

የእናቴ ደረት ጭስ አይችልም። በየዓመቱ የሚነፋውን መድኃኒቷን አዘጋጅቼ እጠብቃለሁ፤ በየዓመቱም እንደምንም እናልፋለን። ዘንድሮ ግን ጭሱ ሦስተኛ ሳምንቱን ሲይዝ መድኃኒቱ እንቢ አለ። ከአልጋዋ ተነሥታ ወንበር ላይ እስክትደርስ ትንፋሿ ይቆራረጥ ጀመር። ፈራሁ፤ በጣም ፈራሁ። እሑድ ከሰዓት በኋላ መኪና አገኘሁና አየሩ ንጹሕ በሆነበት ከተማ ወደምትኖረው እህቴ ላክኋት። ነገሩ ጥድፊያ ስለነበረ ማንንም አልተሰናበተችም። ሚኒስትሩም እንደ ልማዳቸው ቀበሌ ሄደው ከአንድ ሰው ጋር እየተከራከሩ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ከእንቅልፌ የነቃሁት በእሳቸው ድምፅ ነው።

«ታንከሩ ይታያል! ጥርት ብሎ ይታያል!»

እንዲህ ደስ ብሏቸው ሲጮሁ ሰምቼ አላውቅም። መስኮት ከፈትኩ። እንኳን ታንከሩ፣ የራሴ የግቢ በር አይታይም። መንደሩ ግን ታዛዥ ነው። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ዓይኗን እያሻሸች አንሶላ ታሰጣለች፤ «ጭሱ ሊገፈፍ ነው ማለት ነው» ትለኛለች። የስፖርት አስተማሪው ልጆቹን ሜዳ አወጣቸው። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ሁሉንም እያሳሉ መልሶ አስገባቸው። ሰው ማጉረምረም ጀመረ፤ «አንተ ጎረቤታቸው ነህ፣ ሂድና አነጋግራቸው» አሉኝ።

ደሜ ፈልቶ ነው የሄድኩት። በረንዳው ላይ በኩራት ቆመዋል።

«ጋሼ፣ ታንከሩ የት አለ?»

«ያውልህ!» አሉና በእጃቸው አመለከቱ። ያመለከቱት ግን ኮረብታውን ሳይሆን ታች ያለውን ወፍጮ ቤት ነው።

ቀረብ ብዬ ዓይናቸውን አየሁ። ሁለቱንም ነጭ ነገር ጋርዷቸዋል። መድኃኒት ቤት ውዬ አድሬ፣ በየቀኑ ሰላም እያልኳቸው ልብ ሳልለው መቅረቴ አሳፈረኝ።

«ሞራ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ሁለት ዓመቱ። ለማንም እንዳትናገር።»

«ታዲያ በምን ነበር የሚያውቁት?»

«በእናትህ ነዋ።»

ዞሬ የጋራ ግድግዳችንን አየሁ።

«አልጋዬ ከግድግዳችሁ ሥር ነው» አሉ። «ጎሕ ሲቀድ ከሦስት ጊዜ በላይ ከሳለች ታንከሩ የለም። ካልሳለች አለ። አንድም ቀን አሳስታኝ አታውቅም። ሰሞኑንማ ቆጥሬ ቆጥሬ ሲያቅተኝ መቁጠሩን ተውኩት። ዛሬ ግን አንዴም አልሳለችም። ጭሱ ለቀቀ፣ ተሻላት አልኩና ደስ አለኝ፤ ጮህኩ።»

«ጋሼ፣ እኮ እናቴ የለችም። ትናንት እህቴ ጋ ልኬያታለሁ።»

ወንበራቸውን በእጃቸው ፈልገው ተቀመጡ።

«እንዲያ ታማ ነው የሄደችው?»

«አዎ።»

«ሰው ሲሄድ ለጎረቤት አይነገርም? ጥሩ ጎረቤት ነህ አንተ!» ተቆጡኝ። እውነታቸውን ነው። ከዚያ ወደ መንገዱ ዞሩና በሕይወቴ ከአፋቸው ይወጣል ብዬ ያልጠበቅሁትን ቃል ተናገሩ። «ተሳስቻለሁ! መስኮት ዝጉ! ልጆች አስገቡ!» መስኮቶች በየተራ ሲዘጉ ተሰማ።

«ደውልልኝ» አሉኝ።

እናቴ ስልኩን ስታነሣ ከእጄ ነጠቁኝ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ተንፍሺ እስቲ።»

«ምን አሉ?»

«ተንፍሺ አልኩሽ!»

«እኚህ ሰውዬ ለየላቸው!» የሚለው ድምፅዋ እኔ ድረስ ተሰማ። ተነፈሰች ግን። ሚኒስትሩ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ይቆጥራሉ። በሽቦ አጥር ላይ ጭሱ እየተንከባለለ በረንዳው ላይ ወጣ፤ እሳቸው ልብ አላሉትም። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ፊታቸውን አያለሁ። የእናቴን ደረት እንዲህ አድርጎ የሚያዳምጥ ሐኪም አይቼ አላውቅም፤ እኚህን ክፉ ሽማግሌ ምን ያህል እንደምወዳቸው ያወቅሁትም ያን ጊዜ ነው።

«እንዴት ናት?» አልኳቸው።

በእጃቸው ዝም በል አሉኝ።

«አንዴ ድገሚልኝ» አሏት።