ሰባ ዓመት የያዘው ዘንግ

ልጄ ናሆም ሞቷል። የአምስት ወር ልጅ ነበር።

በእኛ ደንብ ሐዘንተኛ ብቻውን አይተውም። ጥሩ ደንብ ነው፤ አልክድም። ግን ልብ ብላችሁ ከሆነ፣ ማጽናናት እንወዳለን እንጂ ሐዘንተኛው ሲጠይቅ መስማት አንወድም። «ለምን?» ያልክ እንደሆነ «ተው፣ አትመራመር» ትባላለህ። ሐኪሙም ያው ነው። «አንዳንድ ጊዜ ይሆናል» አለኝ። ይሆናል! ለአንድ ሕፃን የተሰጠው ማብራሪያ ይኸው ነው።

ለብረት ግን «ለምን» ይጠየቃል። የምሠራው በስደት በምኖርበት ፓሳዴና፣ የጥንት መኪና የሚያድስ ጋራዥ ውስጥ ነው። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት የያዝኳት ሒሳብ ስላለች፣ አለቃዬ የተሰበረ ነገር ሲያገኝ «ለምን እንደተሰበረ አስላልኝ» ይለኛል። በዚያ ሳምንት የያዝነው የሰባ ዓመት መኪና ነበር። የኋላ ጎማዎቹን ከሚያዞሩት ሁለት ዘንጎች የግራው ተሰብሮ አዲስ ተሠራለት፤ የቀኙ ግን የድሮው ነው፤ ተጠርጎ ጠረጴዛ ላይ መገጠሙን ይጠብቃል። ባለቤቱ ቅዳሜ የልጅ ልጆቹን ጭኖ ዳገት ሊወጣ አስቧል።

በሦስተኛው ቀን፣ ቤታችን በለቀስተኛ ተሞልቶ ሳለ፣ ፖስታ ጀርባ ላይ አሰላሁት። ሞተሩ ደካማ ነው፤ ሰው የሚታለለው በዚህ ነው። በአንደኛ ማርሽ ካምቢዮው ጉልበቱን ያበዛዋል፤ ሾፌሩ ፍሪሲዮኑን ድንገት ከለቀቀው ጫናው እጥፍ ይሆናል። ዘንጉ ላይ ደግሞ ጎማውን ለመቆለፍ የተቆረጠች ቦይ አለች፤ ማዕዘኗ ሹል ስለሆነ ጫናው ሁሉ እዚያ ይጠራቀማል። ውጤቱ ብረቱ ከሚችለው በላይ ወጣ። የዚያ መኪና ፍሬን ደግሞ የሚይዘው በእነዚሁ ዘንጎች በኩል ነው። አንዱ ዳገት ላይ ከተሰበረ መኪናው ወደ ኋላ ይንደረደራል። የሚያቆመው የለም።

ጫማዬን ሳጠልቅ ከለቀስተኞቹ አንዱ ጋሼ ደምሴ፣ ኢንግልዉድ የሚኖሩት ባለታክሲ፣ በሩን ዘግተው ቆሙ።

«ወዴት ነው?»

«ሥራ ቦታ፣ ጋሼ። በስልክ ብነግራቸው አልሰሙኝም።»

«የልጁ አፈር ሳይደርቅ? ሰው ምን ይላል?»

ሚስቴ ሰናይት ከፍራሹ ላይ ቀና ሳትል «ይሂድ» አለች።

ጋሼ ተነፈሱ። «ኦኬ። ሐዘንተኛ ግን ብቻውን አይሄድም። ሶ፣ እኔ ድራይቭ አደርግልሃለሁ።»

መንገዱን ሁሉ «ዝም ብለህ ተቀበል፣ ልጄ» እያሉ ወሰዱኝ። ጋራዡ ገብተው፣ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው እንደለበሱ፣ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጡ። ላያቸው ሰው ለዘንጉ ሊያለቅሱ የመጡ ይመስላሉ።

አለቃዬ ፖስታውን ገረፍ አድርጎ አየና ትከሻዬን ያዘኝ። «ይሄ ብረት ሰባ ዓመት ይዟል፤ ቅዳሜም ይይዛል። አዝነሃል፤ ሂድና እረፍ።»

ደሜ ፈላ። ያዘነ ሰው ማካፈል ይጠፋዋል? ስሌቱ ውስጥ ያለው አሥራ ስድስት ለፓይ ሲካፈል የእኔን ሐዘን አያውቅም።

አፌን ሳልከፍት ጋሼ ደምሴ ከጎማው ተነሡ። በታክሲ እንግሊዝኛቸው፣

«ሚስተር! የእኔ ፍሬን እስከ ማክሰኞ ይዞ ነበር። ረቡዕ አልያዘም! ልጁ ለምን እንደሚሰበር ጽፎ አምጥቶልሃል። ለምን አታነብም?»

አያችሁ? ሦስት ቀን ሙሉ «አትመራመር» ሲሉኝ የከረሙት ሰውዬ ናቸው። «ለብረት ሲሆን ‹ለምን› ተፈቀደ!» ልላቸው ነበር። ዓይናቸው ቀልቶ አየሁና ተውኩት።

አለቃዬ ፖስታውን አነሣ። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ቁጥር በቁጥር ወረደበት።

«አዲስ እስኪሠራ ቅዳሜ ያልፋል» አለ።

«ይለፍ።»

«ባለመኪናው እኮ ይሄን አሮጌ ዘንግ ካየ ግጠሙልኝ ማለቱ አይቀርም።»

ዘንጉን አንሥቼ ጠረጴዛው ላይ ባለው ብረት መያዣ፣ ሞርሳው ላይ አሰርኩት። አለቃዬ አልከለከለኝም። ጋሼ ደምሴ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው ሰብስበው፣ ሳልጠይቃቸው፣ ሌላውን ጫፍ ያዙልኝ። በብረት መጋዝ ለሁለት ቆረጥኩት።