ጥንዚዛው፣ ኦፖሰሟና ክቡር ጋሽ ከምን አንጻር

«ከምን አንጻር?» የሚል ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት ካለ፣ ገና ያልተከፈተ መሥሪያ ቤት ነው።

ለእንስሳት ሙዚየሙ የደረሱት ክቡር ጋሽ ከምን አንጻር ናቸው። እውነተኛ ስማቸውን ከደመወዝ ከፋዩ በቀር የሚያስታውሰው የለም። «ደህና አደሩ ጋሼ?» ሲባሉ ቆም ብለው ያስባሉ። «ከምን አንጻር? ከትናንቱ ከሆነ፣ ደህና።» ሐኪም ደም ግፊትዎ ከፍ ብሏል ቢላቸው፣ ወረፋ የሚጠብቀው ሁሉ ይለካና እንተያይ ብለው ሙግት ገጠሙ። ሚስታቸው የበኩር ልጃቸውን ስታሳቅፋቸውም «ቆንጆ ነው፤ ግን ሁለተኛውን ሳናይ ምን ይባላል?» አሉ። ሁለተኛውን ለማየት ብዙ ዓመት ጠበቁ።

የሙዚየሙ ቆዳ ሰፊማ ሰላምታቸውን ሽሽት ጠዋት ጠዋት በጓሮ በር ነው የምትገባው። የሞተ እንስሳ ቆዳ ጥጥ ሞልታ፣ ሰፍታ፣ ሕያው የምታስመስል ልጅ ናት። ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን የሠራችው ኦፖሰም ነበረች፤ አይጥ የምታክል፣ ዓይኗ የፈጠጠ፣ ጭራዋን ቅርንጫፍ ላይ የጠመጠመች የዛፍ እንስሳ። መግቢያው ላይ ባለው የመስታወት ሣጥን አንድ ቦታ ተለቋል። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ መዳፍ የሚሞላ ባለ ቀንድ ጥንዚዛ አምጥተዋል። የተሸነፈው ምድር ቤት ይወርዳል። ዳኛው፣ አወይ ዕድሏ፣ ጋሼ ሆኑ።

ሁለቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ማስመሪያ አወጡ።

«በቁመት ጥንዚዛው ይበልጣል፤ ጭራዋ ካልተቆጠረ።»

«ጭራዋ የሰው ነው እንዴ ጋሼ?» አለች ሰፊዋ።

«እሺ፣ የሱም ቀንድ ይቀራል።» እንደገና ለኩ። «አሁን እሷ በለጠች። በጥንካሬ እሱ ቢወድቅም ይነጥራል። በወላጅነት ግን እሷ ልጆቿን አዝላ ትዞራለች፤ የሱ ዘር እናቱንም አያውቅ።»

ሥራ አስኪያጁ ሰዓታቸውን አዩ። «ታዲያ ማንኛው ይቀመጥ?»

ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ጎንበስ አሉ። «ጥንዚዛው ሞቷል። እሷን ግን እጄን ባነሳ የምታመልጠኝ ይመስለኛል። እሷ ትቀመጥ።»

ሥራ አስኪያጁ ጥንዚዛቸውን ታቅፈው ወጡ። ሰፊዋ ኦፖሰሟን ከጠረጴዛው አነሳች።

«ግሩም ስፌት ነው» አሉ ጋሼ።

«ከምን አንጻር?» አለች፣ አፏ አላስችላት ብሎ።

ማስመሪያቸውን ኪሳቸው ከተቱ። «ከምንም። ዝም ብሎ ግሩም ነው።»

በማግስቱ በፊት ለፊት በር ገባች። አጠገባቸው ወንበር ስባ ከተመቻቸች በኋላ፣ «ደህና አደሩ ጋሼ?» አለች። መልሱ እንደሚረዝም ታውቃለች።