ባሮ ዜሮ የሆነበት ክረምት

በዚህ ዘመን ሰው ጫማውን አውልቆ የሚገባባቸው ስፍራዎች ሦስት ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድና የኮምፒውተር ክፍል። ወደ መጀመሪያዎቹ ሁለቱ የገባ ሰው ቢያንስ አላዋቂነቱን ተናዞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ምሕረት ለምኖ ይወጣል። ወደ ሦስተኛው የገባ ግን ሳያውቅ ገብቶ እርግጠኛ ሆኖ ይወጣል። እኔን የሚያስፈራኝ ይኼኛው ነው። አላዋቂን ማስተማር ይቻላል፤ አላዋቂነቱ በወረቀት ታትሞ የተሰጠውን ሰው ግን ማን ይመልሰዋል?

ይህን ስል መሣሪያውን የምጠላ እንዳይመስላችሁ። ብረት ምን በወጣው? የሰጡትን ያኝካል፤ ያኘከውን ይተፋል። ንቀቴ በብረቱ ፊት ዓይናችንን ጨፍነን «አየን» ለምንል ለእኛ ነው። እናንተ ከዚህ ነፃ ከሆናችሁ ወጉን ዝለሉት።

ነገሩ የሆነው ጋምቤላ ገና ክልል አሥራ ሁለት በምትባልበት፣ ማኅተሙ ከቢሮው ቀድሞ በደረሰበት፣ ወንበር የሌላቸው የሥራ ክፍሎች በየዛፉ ጥላ በሚቋቋሙበት ጊዜ ነው። እኔ ሥነ ጽሑፍ ተምሬ፣ ያልተጻፈ ድርሰት በልቤ ታቅፌ ከደጋ ወረድሁና «የአካባቢ መረጃ» በተባለ ክፍል ተመደብሁ። ለምን እዚያ እንደ ሆነ የክፍሉን ኃላፊ አቶ መኮንንን ስጠይቃቸው፣ «መጻፍ ትችል የለም እንዴ?» አሉኝ። እችላለሁ። የተሰጠኝ ግን ቁጥር ነበር።

ኮምፒውተሩ ከአዲስ አበባ በጭነት መኪና፣ እንደ ታማሚ በፍራሽ ተጠቅልሎ መጣ። ቢሮው የነበረው አንድ የንፋስ ማራገቢያ ወዲያው ለእሱ ተሰጠ። የጋምቤላን የመጋቢት ሙቀት የምታውቁ ፍረዱ፤ እኛ ሰባት ሠራተኞች በአቃፊ ክዳን እያራገብን ስንቀልጥ እሱ ብቻውን ተንደላቀቀ። ጥልፍ ያለው ነጭ ልብስ ተሰፋለት። በሩ ላይ «ጫማ ሳያወልቁ መግባት ክልክል ነው» ተባለ። የመጣበት ዓላማ የወንዙን፣ የደኑንና የአፈሩን ወሬ ሰብስቦ ባለሥልጣን የሚወስነውን ውሳኔ መደገፍ ነበር። ቅዱስ ሐሳብ ነው። ቅዱስ ሐሳብ ደግሞ እኛ እጅ ሲገባ የሚሆነውን ታውቃላችሁ።

የመጀመሪያው ሥራው የዘር መጋዘን የሚሠራበትን ቦታ መምረጥ ሆነ። ከከተማው ወረድ ብላ ባሮ ወንዝ ዳር ያለችው መንደር በቆሎና ማሽላዋን የምትዘራው ክረምቱ አልፎ ወንዙ ወደ ቦታው ሲመለስ፣ በተወው እርጥብ ጭቃ ላይ ነው። ክረምቱን ሙሉ ያ ዘር ሳይረጥብ መቆየት አለበት። ከረጠበ ዓመቱ አለቀ፤ ሌላ ዘር የለም። ለመጋዘኑ ሁለት ቦታዎች ታጩ፤ አንዱ መኪና በቀላሉ የሚደርስበት፣ ከመንደሩ ጎን ያለው ዝቅታ፣ ሌላው በእግር ግማሽ ሰዓት የሚያስኬደው ጉብታ። በሁለቱም ቦታ ወንዙ ዳር የውሃ ከፍታ የሚነበብበት ቁጥር የተጻፈበት ሰሌዳ ቆሟል። የዝቅታው ሰሌዳ አጭር ነው፤ የጉብታው ግን ዳርቻው ከፍ ስለሚል ረጅም ነው። ይህችን ልዩነት ያዙልኝ።

የዝቅታውን ሰሌዳ የሚያነቡት የመንደሩ ሰው ጋሽ ኦሞድ ናቸው፤ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ፊደል ያስቆጠራቸው፣ እሑድ ዘማሪ፣ በሌላው ቀን ዓሣ አጥማጅ፣ ጠዋትና ማታ ደግሞ የባሮ ጸሐፊ። የሦስት ክረምት ደብተሮቻቸውን ወደ ኮምፒውተሩ የማስገባው እኔ ነበርሁ። ቁጥሩ ቀን በቀን ይወጣል፣ ይወጣል፤ ከዚያ ውሃው ሰሌዳውን ሲያልፍ ቁጥር ይቆምና ቃል ይጀምራል። «ዛሬ ሰሌዳው የለም። ውሃ ውስጥ ገብቷል።» በማግስቱ፦ «ዛሬም የለም። እኔ ማንጎ ዛፍ ላይ ነኝ። ደብተሩ አልረጠበም።»

በትምህርት ዘመኔ ሁሉ እንዲህ የጠራ አረፍተ ነገር ጽፌ አላውቅም። ደጋግሜ አነበብሁት፤ አደነቅሁት። ከዚያ ገደልሁት። ኮምፒውተሩ ቃል አይቀበልማ! ቁጥር ካልሰጡት ወደሚቀጥለው ቀን አያሳልፍም። ከኮምፒውተሩ ጋር የመጣው አሠልጣኝ ትቶልን የሄደው መመሪያ ደግሞ «ቁጥር በሌለበት ዜሮ ይሞላ» ይላል። ሞላሁ። ባሮ የጋሽ ኦሞድን የቤት ክዳን በሚልስበት ሳምንት በእኔ ጣት ዜሮ ሆነ፤ በበጋ እንኳ እንዲያ ደርቆ አያውቅም።

ረጅሙ የጉብታ ሰሌዳ ግን ሰምጦ ስለማያውቅ የጎርፉ ቁጥር አንድ ሳይቀር ገባ። ኮምፒውተሩ ሁለቱን አነጻጽሮ፣ ማተሚያው እንደ ግንደ ቆርቁር እያንኳኳ ፍርዱን አወጣ፦ ጉብታው ጎርፍ ያሰጋዋል፤ ዝቅታው ደረቅ ነው። ማተሚያችን ቀለም ስላልነበረው ካርታውን በባለ ቀለም እርሳስ የቀባሁት እኔው ነኝ። ጉብታውን ቀይ፣ ዝቅታውን አረንጓዴ። እጄ ጎበዝ ነው።

ጋሽ ኦሞድ የወሩን ደብተር ሊያስረክቡ መጥተው፣ ነጠላ ጫማቸውን በር ላይ ትተው፣ ካርታው ፊት ቆሙ።

«ይሄ አረንጓዴ የኔ ቤት ነው?»

«አዎን፣ የማይጥለቀለቅ ቦታ ነው» አሉ አቶ መኮንን።

«ማን አለ?»

«ኮምፒውተሩ።»

ጋሽ ኦሞድ ነጩን ልብስ ከላይ እስከ ታች አዩት። «እሱ ክረምት የት ነበር?»

«ጋሽ ኦሞድ፣ መረጃው እኮ ከእርስዎ ደብተር ነው የመጣው!» አሉ አቶ መኮንን።

«እኔ ዜሮ አልጻፍኩም። ዛፍ ላይ ነኝ ብዬ ጻፍኩ።»

አቶ መኮንን ሳቁ። «ዛፍ መረጃ አይደለም።»

ይህን ያሉት የአካባቢ መረጃ ክፍል ኃላፊ ናቸው። እኔ ምንም አልጨመርሁበትም።

ጋሽ ኦሞድ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ወንድሜ፣ ደብተሬን አንብበሃል። ንገረው። ዘሩ እዚያ ከገባ ልጆቻችን ምን ይበላሉ?»

ጣቴን አረንጓዴው ላይ አሳረፍሁ። «አቶ መኮንን፣ ዜሮዎቹን የሞላኋቸው እኔ ነኝ። የጎርፉ ቀናት ናቸው።»

«በመመሪያው መሠረት ነው የሞላኸው?»

«አዎን።»

«ታዲያ ምን አጠፋህ? ደግሞም ሪፖርቱ ሄዷል።»

ከዚህ የከፋ ምሕረት ተቀብዬ አላውቅም። ወደ ወንበሬ ተመለስሁ። ጋሽ ኦሞድም ጫማቸውን አጠለቁና ሄዱ።

መጋዘኑ በዝቅታው ላይ ተሠራ፤ ቆርቆሮው ከሩቅ ዓይን ይወጋል። «የመንደሩ ዘር በሙሉ እስከ ሰኔ መጨረሻ ገቢ ይሁን» የሚል ደብዳቤ ወረደ። በምርቃቱ ቀን አቶ መኮንን ስለ መረጃ ረጅም ንግግር አደረጉ፤ ግማሹን ራሳቸው አልሰሙትም። የመንደሩ ሴቶች ጆንያ ጆንያውን በራሳቸው ተሸክመው እየዘፈኑ መጡ። በጸጸት ትከሻዬ ጎብጦ ስለነበር አንዱን ጆንያ ላግዝ ብዬ፣ ወገቤን አጥብቄ፣ ትንፋሼን ውጬ ብድግ ባደርገው ከራሴ በላይ ሊያመልጠኝ ደረሰ። ጭድ ያህል ቀላል! በጣቴ ዳበስሁት። ፍሬው ተፈልፍሎ ያለቀ የበቆሎ ቆረቆንዳ ነው።

ጋሽ ኦሞድ አጠገቤ ቆመው ነበር። ዓይናቸውን ሳያርገበግቡ አዩኝ።

«ከባድ ነው፣ አይደለም?» አሉኝ ቀስ ብለው።

አቶ መኮንን አምስት እርምጃ ርቀው ያጨበጭባሉ። ጀርባዬን ጎንበስ፣ ፊቴን ጨምደድ አደረግሁ።

«በጣም ከባድ ነው፣ ጋሽ ኦሞድ።»

ውሳኔ እንዲደግፍ ስንት ብር የወጣበት መሣሪያ ቢሮ ተቀምጦ፣ በዚያ ዓመት የተደገፈው ትክክለኛ ውሳኔ እኔ በጀርባዬ የደገፍሁት ያ ጆንያ ብቻ ነው። እውነተኛው ዘር ካርታው ላይ በቀይ በቀባሁት ጉብታ፣ የሣር ክዳን ባላቸው ጎተራዎች ውስጥ ተኝቶ ነበር።

ነሐሴ ላይ ባሮ መጣ። መመሪያ አላነበበም። መንገዱ ተቆርጦ ማንም ከቢሮ ሊወርድ አልቻለም፤ ወንዙ ሲጎድል የደረሰን የጋሽ ኦሞድ ደብተር ብቻ ነው። ገልጬ አነበብሁ፦ «ዛሬ ሰሌዳው የለም። መጋዘኑም የለም። ቆረቆንዳው ወንዙን ተከትሎ ወደ ኢታንግ ሄደ። ዘሩ አለ።»

መንደሩ ጭቃው ሳይደርቅ ዘራ። ከዚያ የግምገማ ቅጽ መጣና እንደ ልማዴ ልሞላ ተቀመጥሁ። «በጎርፍ የጠፋ ዘር» ይላል። ዜሮ ሞላሁ፤ በሕይወቴ የሞላሁት የመጀመሪያው እውነተኛ ዜሮ። ስለ መጋዘኑ የሚጠይቅ መስመር ፈለግሁ። የለም። ለአቶ መኮንን «መጋዘኑ እኮ ተወስዷል» ብላቸው፣ «ዓላማችን ዘሩን ማዳን ነበር። ድኗል ወይስ አልዳነም?» አሉኝ። ድኗል። ኮምፒውተሩም ዜሮዬን አኝኮ ተፋ፦ የቦታው ምርጫ ትክክል ነበር፤ የመጀመሪያው መጋዘን ተልዕኮውን ስለ ፈጸመ ሁለተኛው በዚያው ይሠራ። ከበላይ አካል የምስጋና ደብዳቤ መጣ። አቶ መኮንን ጫማቸውን አውልቀው ገብተው ከኮምፒውተሩ በላይ ግድግዳው ላይ ሰቀሉት።

ወሬውን ለጋሽ ኦሞድ የነገርኋቸው እኔ ነኝ። ይናደዳሉ ብዬ ነበር። ጥቂት አሰቡና፣

«መቼ ይሠራል?» አሉኝ።

«ከክረምቱ በፊት።»

«እንግዲያስ ቀኑን ቀደም ብለህ ንገረን» አሉ መረባቸውን ትከሻቸው ላይ እያስተካከሉ። «ሴቶቹ ቆረቆንዳውን ለማገዶ እንዳያነዱት።»