ድንጋዩን ያገላበጥኩበት እሁድ

ሰው ሁሉ «አንተ ተጠራጣሪ ነህ» ይለኛል። ነኝ። አባቶቻችን «ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ» ያሉት ሳይወድቁ አይመስለኝም። እናንተም ብትሆኑ፣ እውነቱን እናውራ ከተባለ፣ ሥጋ ስትገዙ ሚዛኑን በጎን ታያላችሁ። እኔ ሰውንም እንደዚያው አየዋለሁ፤ ልዩነታችን ይኸው ነው።

ይህን ጠባይ ያስያዘኝ ሙላት ነው። ብቸና አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን ተምረናል። እኔ ዩኒቨርሲቲ ስገባ እሱ ሠርግ መቅረጽ ጀመረ፤ የሙሽራዋን እናት እንባ ሳይስት የሚይዝ ቀራጭ ነበር፣ በዚህ አልዋሽበትም። እንደተመረቅሁ አንድ ክረምት ሙሉ ቤት ዘግቼ የፊልም ድርሰት ጻፍኩለት። ወዳጁን የበደለ ሰው የዕርቅ ድንጋይ ተሸክሞ ከብቸና እስከ ሞጣ በእግሩ ሄዶ ይቅርታ ይጠይቃል። የተበደለውም ገና ድንጋዩን ሲያይ እያለቀሰ ተነሥቶ ያወርድለታል። ምን ላድርግ፣ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር።

ፊልሙ ሞጣ ላይ በሐጂ ኑሩ ቪዲዮ ቤት ታየ። ሐጂ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ቪዲዮ ቤቱ ከሱቃቸው ጀርባ ነበር። አባቴን ከብቸና በአውቶቡስ አመጣኋቸው። ፊደል ስላልቆጠሩ «ስሜ ሲወጣ በክርኔ ነካ አደርግዎታለሁ» አልኳቸው። ፊልሙ አልቆ ስሞች መውጣት ጀመሩ።

«አሁን ነው?» አሉኝ።

«ገና ነው።»

መብራት የያዘው፣ ውሃ ያቀበለው፣ በቅሎ ያዋሰው ሳይቀር ወጣ።

«አሁን ነው?»

«ገና ነው፣ አባባ።»

በመጨረሻ «ድርሰትና ዝግጅት፦ ሙላት» የሚል መጣና አዳራሹ አጨበጨበ። አባቴም አጨበጨቡ። የእኔ ስም መስሏቸው ነው። እስኪያርፉ ድረስ አላረምኳቸውም።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ። ሙላት አዲስ አበባ ገባ፤ ሁለት ፊልም ጨመረ። ከዚያ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የቪዲዮ ጌም ዳይሬክተር። ጌም እንኳ ዳይሬክተር አለው! ነገሩን ሳስበው ግን ገባኝ። የፊልም ተዋናይ ያኮርፋል፣ የፊልም ደራሲ ይከሳል፤ የጌም ሰው ግን ሩጥ ሲሉት ይሮጣል፣ ሙት ሲሉት ይሞታል፣ ስሜ የት አለ አይልም። ለሙላት የተፈጠረ ሥራ ነው።

እኔ በዚያን ጊዜ ሞጣ መምህር ነበርኩ። አንድ እሁድ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ጋቢዬን ለብሼ፣ መነጽሬን አድርጌ ስከፍት ሐጂ ኑሩ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ቆመዋል፤ ከኋላቸው ሙላት፣ አንገቱ ላይ ድንጋይ አድርጎ፣ አቀርቅሮ። በአገራችን ድንጋይ ተሸክሞ የመጣ ሰው የተበደለው «አውርድ» እስኪለው ይቆማል። የተበደለውም አይመልሰውም፤ ነውር ነው።

እኔ ግን ያየሁት ሌላ ነው። የገዛ ድርሰቴን ደጃፌ ላይ እየሠራብኝ ነው!

«አውርድ በለው እንጂ፣ መምህር» አሉ ሐጂ። «እሱን ድንጋዩ ከበደው፣ እኔንም መቆም ደከመኝ።»

«ይቆዩኝ ሐጂ፣ መጀመሪያ ልየው» አልኩና ድንጋዩን ከአንገቱ አንሥቼ አገላበጥኩት።

«ምን ትፈልጋለህ?» አለ ሙላት።

«ካሜራ።»

«ዕድሜ ደግ ነው!» አሉ ሐጂ። «የዕርቅ ድንጋይ ሲፈተሽ ዛሬ አየሁ።»

ካሜራ የለውም። ይህ ይበልጥ አሳሰበኝ።

«አሁን የምሠራው ጌም ያንተው ድርሰት ነው» አለ ሙላት። «ያኔ ያስቀረሁትን ስምህን አስገባለሁ። መጀመሪያ ግን ይቅር በለኝ።»

«ስሜን ለማስገባት ይቅርታዬ ምን ያደርግልሃል? ደግሞ ምን ልትወስድ ነው? እንካ ድንጋይህን!» ብዬ አንገቱ ላይ መለስኩለት። በሩን ዘጋሁ። ሐጂ ሁለት ወር ሰላምታ ነፈጉኝ።

በዓመቱ ጌሙ ሞጣ ደረሰ። ሐጂ የድሮውን ቪዲዮ ቤት ጌም ቤት አድርገውት ነበር። ተማሪዎቼ እየሮጡ መጡ።

«መምህር፣ ስምዎ መጨረሻው ላይ አለ ይባላል!»

«ይባላል? አላያችሁትም?»

«ማን ይደርሳል! ሰውዬው አያሳልፍም።»

ሄጄ ተቀመጥኩ። ድንጋይ ተሸክሜ ከብቸና ተነሣሁ፤ ደብረ ወርቅን አለፍኩ፤ ሞጣ ደርሼ በር አንኳኳሁ። ጋቢ የለበሰ፣ መነጽር ያደረገ ሰው ወጣ። ድንጋዩን ከአንገቴ አንሥቶ አገላበጠው። «እንካ ድንጋይህን!» አለኝ። እንደገና ከብቸና።

አራተኛ ጊዜ ሲመልሰኝ ስልክ አንሥቼ ሙላት ጋር ደወልኩ። ከዚያ እሁድ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው።

«ይህ ሰውዬ በምንድን ነው የሚታለፈው?»

«እኔም አላውቅም» አለ፤ አልሳቀም። «ሌላውን ሁሉ ዳይሬክት ያደረግሁት እኔ ነኝ። እሱን የሠራኸው ግን አንተ ነህ። ሰው ሲያሳልፍ ምን እንደሚል ስትነግረኝ እጨምርለታለሁ።»

ምን እንደሚል አልነገርኩትም፤ ዘጋሁት። ማን ያውቃል፣ ቃሌን ሊወስድ ይሆናል። ደግሞ እውነቱን ልንገራችሁ? ሰውዬውን ወድጄዋለሁ። በቀላሉ የሚሸወድ አይደለም።

ድንጋዩን ተሸክሜ ደብረ ወርቅን ሳልፍ ሐጂ ከኋላዬ መጥተው ቆሙ።

«ስምህ ወጣ እንዴ፣ መምህር?»

«ገና ነው» አልኳቸው።