አለህ ወይ?

ፊደል ያልቆጠርኩ አሮጊት፣ የኮምፒውተር ነገር ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገኝ? አርፌ አልቀመጥም እኮ!

ተከራዬ ዳዊት የኔትወርክ ሠራተኛ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ከሰው ጋር አያወራም። ጥቁር ስክሪን ላይ ትእዛዝ ይጽፍና አፍጥጦ ይጠብቃል።

"ምን እያደረግህ ነው ልጄ?" አልኩት።

"መስመሩ ይሠራ እንደሆነ እየሞከርኩ ነው፣ እማማ። ሩቅ ያለውን ማሽን 'አለህ ወይ?' እለዋለሁ፣ ካለ ይመልሳል።"

"ጤናውን፣ ልጆቹን አትጠይቀውም?"

"አለሁ ካለኝ ይበቃኛል።"

ጉድ በሉ! ለካስ የኔም ልጅ ይሄንኑ ሙያ ነው የተማረው። እዚሁ ቅርብ፣ ሳንሱሲ ሰፈር ሆኖ በወር አንዴ ይደውልና "አለሽ?" ይለኛል፤ "አለሁ" ስለው ይዘጋዋል። እኔ ስደውልማ አያነሳም።

የዳዊት ማሽንም አልመልስ አለ። አራቴ ቢጠራው ዝም። ጠርቶ መልስ ማጣትን እኔ አውቀዋለሁ። ወንበሬን አስጠግቼ አብሬው ጠበቅሁ። በአምስተኛው "መለሰ!" ሲለኝ እልልታውን አቀለጥኩት።

የሰፈሬ የኮልፌ ሰው ግልብጥ ብሎ መጣ። "ማን ታጨ?" "ማን ወለደ?" አንዷማ ለአራስ ብላ ቅቤ ይዛለች።

"ኧረ ማሽኑ ነው፣ አለሁ አለ!" አልኳቸው።

እየሳቁ ተበተኑ። ጎረቤቴ አስካለ ብቻ ቀረች፤ ቆማ አየችኝ፣ አየችኝና፦

"እትዬ፣ ልጅዎ ናፍቆዎት ነው እንጂ ለብረት እልል የሚል ሰው የለም። ደውለው 'ናፍቀኸኛል፣ ና' ይበሉት" አለችኝ።